በግራ እጅ የተከፈቱ ዓይኖች

ቤቴ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ቀለም ማሰሮ ነው። ጥቁሩን ከምን ነው የምታወጪው፣ ወርቁ በምን ይጣበቃል፣ ብሩሹ የምን ጸጉር ነው። ከጆግጃ የመጣም፣ ከጃካርታ የመጣም፣ ከባሕር ማዶ ካሜራ አንግቶ የመጣም ጥያቄው ያው ነው። ስለ ዓይን የጠየቀኝ ግን አንድም የለም። ስለ ዓይን ማወቅ ሲፈልጉ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የባሌ ፎቶግራፍ ዞረው እጅ ይነሳሉ። እሱ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። የሞተ ሰው ይጠየቃል፤ እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ከምግባቸው ላይ ዝንብ አባርራለሁ።

ስለዚህ ሳልጠየቅ እናገራለሁ። ስሜ ንጋዲየም ነው። ከዎኖጊሪ ከተማ በስተደቡብ፣ ድንጋይና ካሳቫ ብቻ በሚበቅልበት በከዱንግዋሩ መንደር ተወልጄ እዚያው አርጅቻለሁ። ትምህርት ቤት የሚባል ደጅ አልረገጥኩም። ባሌ ካርሶ ዋያንግ ሠሪ ነበር። ዳላንግ የምንለው አጫዋች ከመብራት ፊት ይዞ፣ ጥላቸውን ነጭ መጋረጃ ላይ ጥሎ የሚያናግራቸውን የቆዳ ምስሎች ነው የምላችሁ። የጎሽ ቆዳ ይፍቃል፣ ያደርቃል፣ በመሮ ይወቅራል። እኔ እቀባለሁ። በመንደራችን ሥራው የተከፈለው እንዲህ ነው፤ ብረቱ የወንድ፣ ቀለሙ የሴት።

መጨረሻ ላይ የሚወቀረው ፊት ነው። ዘውዱም፣ ልብሱም፣ ጣቱም ካለቀ በኋላ ዓይኑና አፍንጫው ይወጣል። ይህን «ፊት መክፈት» እንለዋለን። እስከዚያ ድረስ ቆዳ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሰው ነው። ፊት የሚከፍተው ሦስት ቀን የጾመ ወንድ ብቻ ነው ይባላል። ማን እንዳለው አላውቅም። ወንድ ይሆናል ያለው።

ካርሶ በሃምሳ ስምንት ዓመቱ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንድ ቀን የአንዲት ልዕልት ፊት ሊከፍት ተቀመጠ። ያዘዛት ከወንዙ ማዶ ያለው ዳላንግ ኪ ዲሩን ነው፤ በልጁ ሰርግ ሊያጫውታት። ካርሶ ሦስት ቀን ጾሟል፣ ከንፈሩ ደርቋል፣ መሮው ግን ዓይኗ ላይ እየዘለለ አልያዝ አለው። ሁለት ቆዳ አበላሸ። ሦስተኛውን ሲያነሳ ከእጁ ወሰድኩት። ቀትር ነበር፤ መንደሩ በሙሉ አሸልቧል። ዓይኗን በአሥራ አንድ ምት ከፈትኩት። እሱ መጋረጃውን ጎተተና ደጃፍ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ ሰው ከመጣ ሊያስልልኝ።

ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት እንዲሁ ኖርን። እኔ እጾማለሁ፣ እሱ ደጃፍ ይቀመጣል። አላፊ አግዳሚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ካርሶ ጾም ላይ ነው» ይላል፤ ካርሶም ከጓሮ ጥብስ ሙዝ በልቶ ይወጣና ጉንጩን ወደ ውስጥ ይስባል። ስሙ የገነነውም በዚያው ዘመን ነው። «የካርሶ ዓይን» የሚባል ነገር ሶሎ ከተማ ድረስ ተሰማ። በሽተኛውን ባሌን ላዋርደው አልፈለግሁም፤ ምስሎቹንም ላስነቅፍ አልፈለግሁም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ።

ሌላም ነገር አለ። ግራኝ ነኝ። በልጅነቴ እናቴ ጣቴን በማማሰያ እየመታች ቀኝ አስለመደችኝ፤ በግራ እጁ ለሰው እቃ የሚያቀብል እኛ ዘንድ ባለጌ ነው። ሰው ፊት እበላለሁ በቀኝ፣ አቀብላለሁ በቀኝ። ለብቻዬ ስሆን ግን እጄ የራሱን ያውቃል። እነዚያ ዓይኖች ሁሉ የግራ እጄ ናቸው።

የልጅ ልጄ ወኒንግ ጆግጃ ውስጥ የቪዲዮ ጌም ከሚሠራ ቤት ተቀጥራለች። ሥራዋ ሰው መሥራት ነው፤ የጌሙን ሰዎች መልክ የምታወጣው እሷ ናት። እኔ በቆዳ፣ እሷ በኮምፒውተር። ባለፈው ዓመት ከዝናቡ በፊት አለቃዋን ይዛብኝ መጣች። አኒንዲቶ ይባላል፤ አርባ ያልሞላው፣ ጥርሱ የሚያምር፣ ሰው ሲያነጋግር ራሱን የሚነቀንቅ ልጅ ነው። ምንጣፌ ላይ ተቀምጦ የጠበስኩለትን የአኩሪ አተር ቴምፔ እየበላ የሚሠሩትን ነገረኝ። አንድ ሽማግሌ ዋያንግ ሠሪ አለ፤ ደቀ መዝሙሩ አንድ ቀን መጋረጃውን አልፎ ጥላዎቹ የሚኖሩበት አገር ይገባል። ሽማግሌው ካርሶ ነው። መንደሩም የእኛ።

ሁለቱ በመንገድ ሲጣሉ እንደመጡ ፊታቸው ላይ አይቻለሁ። እሱ ሁሉም ነገር ቁርጥ ሰው ካልመሰለ ይላል። የቆዳው ቀዳዳ፣ ላቡ፣ የዓይኑ እርጥበት ካልታየ ተጫዋቹ አያምንም። እሷ ደግሞ ዘንድሮ እውነት የመሰለው በከርሞው አሮጌ ይሆናል፣ ሰው የሚያስታውሰው መልኩ የተመረጠውን ነው ትላለች። አፍንጫው ለምን ረዘመ፣ ዓይኑ ለምን ጠበበ ሲባል ምክንያት ያለውን።

«ምባህ፣ እርስዎ ይፍረዱን» አለ እየሳቀ። አያት መሆኔ ነው። ለጨዋታ ነው ያለው።

«የጦር አዛዥ ላሳይህ ብዬ የአፍንጫውን ቆዳ ቀዳዳ በቀዳዳ ብወቅርልህ ምን ታውቃለህ?»

«እውነተኛ ሰው መሆኑን።»

«አይደለም። አፍንጫው ቀዳዳ እንዳለው ነው የምታውቀው።»

ተነስቼ ከሳጥኑ ሁለት ምስል አወጣሁ። አንድ ጦረኛ ነው፣ ሁለት ጊዜ የተሠራ። ልብሱ አንድ፣ ዘውዱ አንድ። አንደኛው ለቤቱ ነው፣ ሌላው ለጦርነቱ ዋዜማ። የሚለያዩት የአንደኛው ዓይን በጸጉር ያህል በመጥበቡ፣ አንገቱም ጥቂት በመዘንበሉ ብቻ ነው። የትኛው ይገድልሃል አልኩት። ሳያመነታ የዋዜማውን ነካ።

«ማንን ይመስላል?»

«ማንንም» አለ።

«ማንንም ካልመሰለ ከየት አወቅኸው?»

ቴምፔው እጁ ላይ ቀረ። ወኒንግ ሳቋን በመዳፏ ያዘች። ልጁ ሁለቱን ምስሎች አቀርቅሮ ሲያይ ቆየና፣ እሺ፣ የጥላው አገር በእናንተ መልክ ይሁን፣ መንደሩ ግን እውነተኛ ሰው ይምሰል አለ። ተስማሙ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ወደ ግድግዳው ዞሮ «ካርሶ እንዴት ያለ ሰው ነበሩ» ብሎ ለፎቶግራፉ ሰገደ።

መነሻው ሲደርስ ትዝ አለውና «እርስዎስ ምባህ፣ የእርስዎ ሥራ ምን ነበር?» አለኝ።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔም ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሲጠየቅ መጀመሪያ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ጠያቂው ኧረ አይደለም ብሎ ይደግማል፤ አሁንም ዝቅ ትላለህ፤ በሦስተኛው እውነቱን ትናገራለህ። በመጀመሪያው የሚመልስ ሰው ባለቤቱ ብሉ ሳይል ሳህን ውስጥ እጁን እንደሚከት ነው። ይህን ምላስ ይዤም ቢሆን ደንቡን አልጥስም። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ማገዝ ብቻ» አልኩ። ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቅሁ ነበር። ደረቴ ውስጥ መልሱ ተዘጋጅቶ ቆሟል፤ ሃያ ስምንት ዓመት የቆመ መልስ። እሱ ስልኩ ላይ «አጋዥ» ብሎ ጻፈና መጸዳጃ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀኝ።

በወሩ መንደሩ አዳራሽ ውስጥ ካሜራ ደርድረው መጡ። ስድሳ ካሜራ በክብ ተተክሎ መሃሉ ላይ አንድ በርጩማ። የመንደሩ ሰው ተራ በተራ ገብቶ ተቀመጠ። የእኔ ተራ ሲደርስ አንዲት ልጅ ነጠላ ጫማዬን አስወልቃ አስቀመጠችኝና «ፊትዎን ምንም አያድርጉት፣ ምባህ» አለችኝ። ሰባ አራት ዓመት ሙሉ ፊቴን እንዳልጠቀምበት የነገረኝ ሰው የለም። ለምን ስላት ስሜቱን በኋላ እኛው እናስገባለን አለች። ስድሳው ካሜራ ባንዴ በራ። የቆዳዬን መስመር አንድም ሳይቀር ወሰዱት፤ ከግራ ዓይኔ ሥር ያለችውን ጥቁር ምልክት ለብቻዋ ቀርበው አነሷት። ምስሎቹንም አነሷቸው፤ የእኛን፣ ከዳላንጉ ከኪ ዲሩንም የተዋሷቸውን፣ ከልዕልቲቱ ጀምሮ እኛ ዘንድ ያሠራቸውን አሥራ አንዱን።

ወኒንግ ሳትደውል የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። እሑድ ነበር፤ ጓሮ ካሳቫ እልጥ ነበር። ካሳቫ ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ግን አትልጥም፤ እጄን ታያለች።

«ምባህ፣ አያቴ ግራኝ ነበር እንዴ?»

«ምን በወጣው» አልኩ። «የጨዋ ልጅ ነው።»

ስልኳን አወጣችና ከቢላዋዬ አጠገብ አደረገችው። የልዕልቲቱ ዓይን ነው፤ ሰፍቶ ሰፍቶ የእርሻ ማሳ አክሏል። በጣቷ እየጠቆመች የመሮው ጠርዝ የተጋደመበትን አሳየችኝ። ካርሶ በድሮ ጊዜ የከፈታቸው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይጋደማሉ። ከልዕልቲቱ ጀምሮ ያሉት ሁሉ ወደ ሌላው። በኮምፒውተሩ ዓይኖቹን መስመር በመስመር ስትቀዳ ሳምንት ሙሉ እጇ አልሄድ ብሏት ነበር፤ በመጨረሻ ብዕሩን ወደ ግራ እጇ ብታዛውረው ሰተት ብሎ ሄደላት።

እኔ መላጤን አልተውኩም።

«ስንቱን ነው?» አለች።

«ከእሷ ወዲህ ያለውን ሁሉ።»

አለቀሰች። ውሃውን ለካሳቫው አስቀምጪው አልኳት። አፍንጫዋን ጠርጋ ጌሙ ውስጥ አስተካክለዋለሁ አለች። «በእርስዎ መልክ የተሠራች ሴት አለች፣ ከአያቴ ጎን የምትቀመጥ። መሮውን ለእሷ እሰጣለሁ። በግራ እጇ። ዓይኑን ስትከፍተው ሰው ሁሉ ያያል።»

ነገሩን ደጋግማ እንድትነግረኝ አደረግሁ። ልዋሻችሁ አልችልም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አልፈለግሁም። መቃብሬ ላይ ምን እንደሚጻፍ አይደለም፤ ጽሑፍ አላነብም። የፈለግሁት አንዲት ሴት ዓይን ስትከፍት ሰው እንዲያይ፣ ያቺም ሴት እኔ እንድሆን ነው።

ግን ኪ ዲሩን አለ። አሥራ አንዱ ምስሎች የእሱ ናቸው፤ ሃያ ስምንት ዓመት በእነሱ ሰው አጋብቷል፣ ሙት ዓመት አስቧል፣ መከር አስገብቷል። ሴት የከፈተችውን ፊት ዳላንግ መብራት ፊት አያነሳም፤ ንጹሕ አይደለም ይባላል። ይህን ከሕፃናት ጌም ሊሰማ አይገባም ብዬ፣ ወንዙን ተሻግሬ ራሴ ሄድኩ።

እሱም አርጅቷል። ሻይ በስኳር አስፈልቶ አቀረበልኝ። የልጁን ጤና ጠየቅሁ፣ የልጄን ጤና ጠየቀ። ከዚያ ስለ ምስሎቹ ልነግርህ ነው የመጣሁት ስል እጁን አነሳ።

«እትዬ ንጋዲየም፣ ቆዪ። በልጄ ሰርግ ቀን ለካርሶ ሻይ ሰጥቼው ግማሹን ሽርጤ ላይ ደፋው። ያ እጅ የዚያችን ልዕልት ዓይን አልከፈተም። ይህን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።»

«ታዲያ ካወቅህ?»

«አውቃለሁ። ግን አልተነገረኝም። ያልተነገረኝን ነገር ይዤ መጫወት እችላለሁ። ከተነገረኝ አልችልም። ዝም በዪ፤ እነሱም መብራት ያገኛሉ፣ አንቺም ከአጥሩ ሥር ቁጭ ብለሽ ታያቸዋለሽ። እስካሁን ማን ተጎዳ?»

ማን ተጎዳ አለኝ። ሻዬን አስቀመጥኩ። ልዕልቲቱ ከኋላው ግድግዳው ላይ ነበረች፤ ቀጭን ዓይኗን ወደ መሬት ጥላ። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ያቀረበልኝም ነገር ደግነት መስሎታል። እንዲያውም ለትንሽ ጊዜ እሺ ልል ነበር። ግን ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይበላበታል፣ የማይነገረው የእኔ ስም ብቻ ነው።

«የከፈትኳቸው እኔ ነኝ» አልኩት። «አሥራ አንዱንም። በግራ እጄ።»

ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ እንደ ጨዋ ሰው ሻይ ጨመረልኝ፤ ጠጥቼ ተነሳሁ።

በሳምንቱ አሥራ አንዱ ምስሎች መጡልኝ። እያንዳንዳቸው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልለዋል። እኛ ዘንድ በነጭ ጨርቅ የሚጠቀለለው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሳጥኑ ውስጥ አስተኛኋቸው። እሱ ከከተማ ሌላ አሠርቷል፤ ሄጄ አይቻለሁ፣ ዓይናቸው የገበያ ዓሣ ዓይን ነው። የእኔዎቹ ከዚያ ወዲህ መብራት አላዩም። ገደልኳቸው ብዬ አንዳንዴ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ከዚያ የወኒንግን ቃል አስባለሁ፤ በአንድ በኩል ከጠፉ በሌላ በኩል ይነሳሉ እላለሁ።

አምስት ወር ጠበቅሁ። መጀመሪያ ወኒንግ ደውላ «ገብቷል ምባህ፣ መሮው እጅዎ ላይ ነው» አለችኝ። ከዚያ ስልኳ ራቀ። ስትደውልም ስለ ዝናብ ታወራለች። የልጅ ልጅ ስለ ዝናብ ማውራት ከጀመረች አንድ ነገር አለ፤ እኔ ግን አልጠየቅሁም። መስማት አልፈለግሁም መሰለኝ።

ጌሙ ለዓለም ከመውጣቱ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ አኒንዲቶ ለመንደሩ ሊያሳይ መጣ። አዳራሹ ውስጥ ትልቅ መጋረጃ ተሰቀለ፣ ኦቾሎኒና ሻይ ቀረበ፣ እኔን ከፊት አስቀመጡኝ። አዲሱን ቀሚሴን ለብሻለሁ። መብራት ጠፋ፣ መንደራችን በራ። መቼም ሥራቸውን አልሰርቃቸውም፤ ድንጋዩ እርጥብ ነው፣ የካሳቫው ቅጠል ነፋስ ያውቃል። ሰው ራሱን ባየ ቁጥር ይስቃል። የጎረቤቴን የፓርሚንን ፊት ለሌባ ሰጥተውታል፤ ሚስቱ «ማን ነገራቸው?» ስትል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ የእኛ ቤት መጣ። ካርሶ ተቀምጧል፤ መሮ ይዟል፣ እጁ እንደ ድንጋይ የጸና ነው። ከጎኑ እኔ አለሁ። የግንባሬ መስመር አለ፣ ያንገቴ ቆዳ አለ፣ የጆሮዬ ቀዳዳ እንኳ እንደተተለተለ አለ። አፌ ግን ቀይ ነው። ሲሪህ ያላምጣሉ አሮጊቶች፤ አፍ የሚያቀላውን ቅጠል። እኔ በዕድሜዬ አንድም ቀን አላምጬ አላውቅም። ያቺ ጥቁር ምልክት ደግሞ ከቀኝ ዓይኔ ሥር ሆናለች። ሴትዮዋ አንገቷን ሰብራ፣ የቀለም ማሰሮ በቀኝ እጇ ለባሏ ታቀብላለች። እሱ የምስሉን ዓይን ይከፍታል። እሷ «ጌታዬ፣ እጅዎ የተባረከ ነው» ትላለች። በማን ድምፅ እንደሆነ አላውቅም።

«ቁርጥ ንጋዲየምን» አለች ከኋላዬ ያለች ሴት። «ምንም አልቀራት።» ሰው አጨበጨበ።

ቀጥሎ ደቀ መዝሙሩ መጋረጃውን አለፈ። የጥላው አገር መጣ። እዚያ የተነካ ነገር የለም፤ ወኒንግ አንድ ምት እንኳ አላጎደለችብኝም። ልዕልቲቱ ዞር ስትል ያ ዓይን እንደከፈትኩት ሆኖ መብራት ገባበት፤ ሳጥን ውስጥ በነጭ ጨርቅ ያስተኛኋት ልጅ። ጦረኛው በዋዜማው ፊቱ መጣና ሕፃናቱ እርስ በርስ ተጠጋጉ። እዚያ አገር እኔን የሚመስል አንድም የለም። ግን ከዚያ በፊት ካሳዩኝ አሮጊት ይልቅ የማውቀው እነሱን ነው።

ሲያልቅ ፊደል ከታች ወደ ላይ ይጎርፍ ጀመር። ወኒንግን አንብቢልኝ አልኳት። ክንዷን ያዝኩ። «የፊቶቹ ሁሉ ፈጣሪ፣ ካርሶ» አለች። እኔስ? ብዙ ቆይቶ መጣ። መልካቸውን ከሰጡን የመንደሩ ነዋሪዎች መካከል፤ ፓርሚን፣ ቀጥሎ ንጋዲየም። ከሌባው በታች።

ውጭ አውጥቼ ጠየቅኋት። መሮውን በግራ እጄ አስይዛ ነበር፤ አልዋሸችም። ግን ጌሙን ለሙከራ የተጫወቱት ሰዎች፣ ሁሉም የእኛው የጃቫ ልጆች፣ ስህተት አለ ብለው ጻፉ፤ አሮጊቷ በባሏ ፊት በግራ እጇ ትሠራለች፣ ነውር ነው፣ ይታረም። አኒንዲቶም ምስሏን እንደ ጨርቅ ገለበጠው። መሮው ቀኝ እጅ ገባ፣ ምልክቴም ጉንጭ ቀየረች። ከዚያ ሁለት ሰው መሮ ይዞ ሲታይ ጌታው ማን ነው የሚል ጥያቄ መጣ። ስለዚህ መሮው ተወስዶ ማሰሮ ተሰጣት። አፏ ባዶ ሲሆን የሞተች ትመስላለች ያለ ሌላ ሰው ደግሞ ቅጠሉን ጨመረ።

«እውነቱን ነግረሽዋል?»

«ነግሬዋለሁ ምባህ። የመሮውን መጋደም ሁሉ አሳይቼዋለሁ። አመነኝ። ግን አያቴን ሆኖ የሚናገረው ሰው ድምፅ ተቀድቶ አልቋል አለኝ።»

አኒንዲቶ ያን ጊዜ መጣ፤ ጥርሱ እያበራ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እንዴት አገኙት ምባህ እያለ። ወኒንግ ጫማዋን ታያለች። የእሷ እንጀራ በእጁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለዚህ ብዬ ድምፄን አልጨመርኩም። ወኒንግ የነገረችህን ነገር አምነሃል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ሳይደብቅ አምናለሁ አለ። ታዲያ ለምን እንዲህ አደረግኸኝ አልኩ። ራሱን እየነቀነቀ አስረዳኝ። ጌም ነው እንጂ ታሪክ አይደለም። ተጫዋች የለመደውን ሲያይ ነው የሚያምነው። ሽማግሌ ጌታ፣ ትሑት ሚስት። ግራ እጅ ሲያይ ተሳስተዋል ይላል እንጂ ይህች ሴት ማናት አይልም።

«የፊቴን መስመር ቆጥረህ ወስደሃል» አልኩት። «አንድ አልተውክም። ስለ እጄ ሲነገርህ ግን ሰው አያምነኝም ትላለህ።»

«መልክዎ እኮ ቁርጥ ነው፣ ምባህ። ሁሉም አወቀዎት።»

«ማንን ነው ያወቁት? እኔ ቅጠል አላምጬ አላውቅም። ለካርሶም ጌታዬ ብዬው አላውቅም፤ ሲያበሳጨኝ ስሙን እጠራው ነበር። ቆዳዬን ገፈህ ሌላ ሴት አልብሰሃታል።»

 ከዚያ ደግ ሊሆን ፈለገ። መጨረሻው ላይ ልዩ ምስጋና የሚል መስመር አለ፣ እዚያ ስምዎን ለብቻው አስገባለሁ አለኝ። ስላገዙን ብለን። አሁንም ማገዝ። ከኋላው ሰው ኦቾሎኒውን እየቆረጠመ ይወጣል፤ ኪ ዲሩንም ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፣ አላየሁሽም ሊለኝ ፊቱን አዞረ። አሥራ አንድ ምስል ከፍዬ ያገኘሁት ይህ ነው፤ አንዲት ምስጋና፣ በማላነበው ፊደል።

ክንዱን ያዝኩት። በየትኛው እጄ እንደያዝኩት አየ፤ የመንደሩም ሰው አየ።

«ሁለት ሳምንት አለህ አይደል?» አልኩት። «ምስጋናህን አልፈልግም። ያቺን አፏ የቀላ ሴትዮ ከቤቴ አውጣልኝ፤ ፊቴን ሰጥቼሃለሁ፣ አሁን መልሰው። ቦታዋን ግን ባዶ አትተውብኝ። የደረቀ ቆዳ አለኝ። በአሥር ቀን ውስጥ አንዲት አሮጊት ወቅሬ እሰጥሃለሁ። አፍንጫዋ ወደ ላይ ይሆናል፣ ዓይኗ ክብ ይሆናል፣ እኔን አትመስልም። በግራ እጇ መሮ ትይዛለች። እሷን ከካርሶ ጎን አስቀምጣት፣ ከዚያ እውነተኛ ከሚመስለው መንደርህ መሃል። ሌላው ሰው ሁሉ ሥጋ ይሁን፣ እሷ ብቻ ቆዳ ትሁን። ተጫዋችህ ስህተት ነው ካለ ይበል፤ እስኪ ይህች ሴት ማናት ብሎ ይጠይቅ። የካርሶን መሮ ወስደህ ለእሷ ስጣት፣ ዓይኑን እሷ ትክፈተው። እንዳትገለብጣትም።»